የተገለበጠው ስለት

ኡሙሀኒ ቢላ ስትመርጥ ያየ ሰው ለልጇ ሚስት የምታጭ ይመስለዋል። መጀመሪያ አትነካውም፤ ቆማ ታየዋለች። ቀጥላ ታነሳውና መዳፏ ላይ አጋድማ ክብደቱን ትለካለች፤ ከዚያ ጫፉን ጣውላ ላይ ደግፋ በአውራ ጣቷ ጫን ታደርገዋለች። ይሄኔ ነው ቢላው ማንነቱን የሚናገረው። ለዓሣ የሚሆን ቢላ ሲጫኑት ጎንበስ፣ ሲለቁት ቀና ይላል። ጎንበስ ብሎ የሚቀረው ቆርቆሮ ነው። ጭራሽ እምቢ የሚለው ደግሞ ለሥጋ ቤት ይሆን እንደሆን እንጂ ለዓሣ አይሆንም፤ የጀርባ አጥንቱን ተከትሎ መሄድ ሲገባው ቀጥ ብሎ ይገባና ሥጋውን ከእሾህ ጋር ይቀላቅለዋል። ወርዱ ጠበብ ያለ፣ ርዝመቱ ከዓሣው ወርድ አለፍ ያለ፣ እጀታው እርጥብ እጅ ውስጥ የማያሟልጭ መሆን አለበት። ይህን ነገር ሐይቅ ከተማ ውስጥ ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። ከእሷ የበለጠ ያውቅ የነበረው አንድ ሰው አምባሰል ተራራ ላይ ተቀብሯል።

ጊዜው የካቲት ሁለት ሺህ ዐሥራ አራት ነው። ከተማዋን ይዞ የነበረው ጦር ለቆ ከወጣ ሁለት ወር አልፎታል፤ ገበያው ግን ገና ከሕመም እንደተነሣ ሰው ነበር፤ ይቆማል፣ ይንቀሳቀሳል፣ ቶሎ ይደክመዋል። በወልድያ መንገድ ዳር ካሉት ሱቆች ግማሾቹ አልተከፈቱም። መብራትም አልመጣም። ቢላ ሳዩ ኑርዬ ግን መብራት አያስፈልገውም። አሮጌ ብስክሌት ገልብጦ፣ በኋላ ጎማው ቦታ የመሳያ ድንጋይ ገጥሞ፣ ፔዳሉን እየዘወረ ይስላል። ጆንያ ላይ የዘረጋውንም ቢላና ማጭድ ይሸጣል። ሰባ ዓመት ሊሞላው የቀረበ ሽማግሌ ነው፤ ስለ ብረት ማውራት ከጀመረ የሚያቆመው ለሶላት ብቻ ነው።

ኡሙሀኒ ጆንያው ላይ የነበሩትን አንድ በአንድ አነሳች፣ አንድ በአንድ መለሰች። ኑርዬ ባሏንም እንዲህ መርጣ ቢሆን ኖሮ ሳታገባ ትቀር እንደነበር ነግሮ ቀለደባት። ለይሉኝታ ፈገግ አለች። ባል እንኳ መርጣ አታውቅም፤ የመረጡላት ሌሎች ነበሩ። ግን ጥሩ መርጠውላት ነበር፤ እንዲያውም ችግሩ ጥሩ መሆኑ ነው።

አሁን እውነቱን እንናገር። ኡሙሀኒ ዓሣ የምታወጣው፣ ማለትም ሥጋውን ከአጥንቱ የምትለየው፣ በግራ እጇ ነው። በልጅነቷ እናቷ ግራ እጇን ከወገቧ ጋር በመቀነት እያሰረች ቀኙን አስለምዳታለች። መብላቱን፣ ማጉረሱን፣ ሰላምታውን፣ ዕቃ ማቀበሉን ቀኝ እጇ እሺ ብሎ ተማረ። ቢላ መያዙን ግን እምቢ አለ። በግራ እጅ የተሠራ ምግብ በረካ የለውም በሚባልበት አገር ዓሣ አውጥቶ የሚያድር ሰው ይህን አደባባይ አያወጣም። ስለዚህ ሐይቁ ዳር ከሚደረደሩት ዓሣ አውጪዎች ሁሉ መጨረሻ ላይ፣ ፊቷን ወደ ውሃው ጀርባዋን ወደ ሰው አድርጋ ሃያ ዓመት ተቀመጠች። ግማሹ ሰው ኩራት ነው አለ፤ ግማሹ ሐይቁን ስለምትወድ ነው አለ። ምን ትወደዋለች፣ ጧት ጧት ፊቷን በንፋስ ሲገርፋት የሚውል ውሃ!

ልጇ ሉብና ትንሽ ሳለች ከትምህርት ቤት እየመጣች አጠገቧ ትቀመጥ ነበር። ሁልጊዜ በግራ ጎኗ ነው። በቀኝ በኩል የዋርካ ጥላ ነበር፤ ልጅቷ ግን ጥላውን ትታ፣ ሻሿን በሰፊው ገልጣ ትከሻዋ ላይ ጥላ፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ደብተሯን ታነባለች። ወደ ጥላው እንድትዞር ብትለምናትም አትዞርም። ኡሙሀኒ ይህች ልጅ ፀሐይ ትወዳለች ብላ ተወቻት። ሉብና ዐሥራ ስምንት ዓመት ሳይሞላት፣ እንደ መንደሩ ልጆች ሁሉ፣ ሳዑዲ ሄደች። ከዚያ በኋላ ኡሙሀኒ ግራ ጎኗ ድንገት ለሰው ዓይን ተጋልጦ አገኘችውና በሁለት እንጨት ላይ ጆንያ ወጠረች። ሰው ሲጠይቃት ለፀሐይ ነው አለች።

ምስጢሯን የሚያውቅ ባሏ አሕመዲን ብቻ እንደነበር ታምናለች። አሕመዲን ዓሣ አጥማጅ ነበር። በተጋቡ በሳምንቱ ሽንኩርት ስትከትፍ አያት፤ ማታ ቢላዋን ወስዶ ግቢ ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። የዓሣ ቢላ የሚሳለው በአንድ ፊቱ ብቻ ነው፤ ሌላው ፊቱ ልሙጥ ሆኖ አጥንቱ ላይ እየተንሸራተተ ይሄዳል። በቀኝ ለሚይዝ ሰው በአንደኛው ፊት፣ በግራ ለሚይዝ በሌላኛው መሳል አለበት። ፊቱ ከእጅ ጋር ካልገጠመ ቢላው ወይ አጥንቱን ይነክሳል፣ ወይ ሽሽት ይጀምርና ግማሹን ሥጋ ለድመት ያስቀራል። አሕመዲን ከገበያ የመጣውን ቢላ ሁሉ እንዲህ ሁለት ሦስት ቀን እየፈተገ ይገለብጥላት ነበር። መሳሉ የእሱ ሥራ ነበርና እሷ አንድም ቀን ዞር ብላ የትኛው ፊት እንደሆነ አላየችም። የምታውቀው አንድ ነገር ነው፤ ሳይገለበጥ ለእሷ የሚሆን ቢላ የለም።

ጦሩ ሲቃረብ ሁለቱ በእግራቸው ወደ አምባሰል ወጡ፤ ወንድሟ አብዱልከሪም ዘንድ። አሕመዲን ስኳር ነበረበት። መንገድ ተዘጋ፣ ይዞት የወጣው መድኃኒት አለቀ፣ በሦስተኛው ሳምንት እሱም አለቀ። እዚያው ቀበሩት። ኡሙሀኒ ብቻዋን ወርዳ ሐይቅ ስትደርስ በሯ ተገንጥሎ፣ ፍራሹ፣ ድስቱ፣ ጄሪካኑ ሁሉ ሄዶ ነበር፤ ቢላዋም ጭምር። ለድስቱ አላዘነችም። በዚያ ቢላ ግን የወሰደው ሰው እንኳ አይጠቀምበትም፤ በቀኙ ይዞ ሁለቴ ሞክሮ፣ ተሳድቦ ቦይ ውስጥ ወርውሮት ይሆናል። ይህ ይህ ያንገበግባታል። ባሏ በሃያ ዓመት ውስጥ በእጁ የሠራላት ነገር ያ ስለት ብቻ ነበር።

ቢላ ፍለጋው የቸኮለው በቅዳሜው ምክንያት ነው። የአጥማጆች ማኅበሩ ሊቀመንበር ዑበይዱላህ፣ የክርስቲያኖች ጾም ሊገባ ስለሆነ ቅዳሜ ከደሴ ሆቴሎች ዓሣ ገዢዎች እንደሚመጡ አስታውቋል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ሆቴሎቹ ለሚከራከሩበት ሰዎች ትተውታል፤ እነሱ የሚፈልጉት አጥንት የሌለው ንጹሕ ሥጋ ነው። በየቀኑ የሚወጣው ዓሣ ጥቂት ስለሆነ የሚፈለጉት አራት አውጪዎች ብቻ ናቸው፤ ገዢዎቹ ራሳቸው ፈትነው ይመርጣሉ። ቢላ የሌለው ድርሽ እንዳይል ተብሏል። ያልተመረጠ ምን ይሁን የሚለውን የጠየቀ የለም። የኡሙሀኒ ግን የታወቀ ነው። አብዱልከሪም እሑድ በቅሎ እልካለሁ፣ ቤትሽን ዘግተሽ ነይ፣ ጓዳው ተጠርጎልሻል ብሏታል። ወንድሟ ክፉ አይደለም፤ ሚስቱም ክፉ አይደለችም። ግን በሃምሳ ሁለት ዓመቷ በሰው ጓዳ ውስጥ እግሯን አጥፋ ተኝታ፣ ሌላ ሰው የቆረሰውን እየበላች መኖር፣ ቤቷንና ሐይቁን ላያት ሰው ሁሉ ነበረኝ እያለች ማውራት፣ ሞት መስሎ ይታያታል።

ኑርዬ ጋር ቆማ ሳለ ኢንሳፍ መጣች። ኢንሳፍ የጎረቤቷ ልጅ ናት፤ ከሳዑዲ ተመልሳ ከገባች ሦስተኛ ቀኗ ነው። ፊቷ ነጥቷል፣ ዓይኗ ሰው ላይ አይቆምም። ቤቷ ሄዳ አጥታት፣ ገበያ ነች ብለዋት እንደመጣች ተናገረችና ከሻንጣዋ በፎጣ የተጠቀለለ ነገር አወጣች።

«ከሉብና ነው» አለች።

ኡሙሀኒ ፎጣውን በሁለት እጇ ተቀበለች። ጦሩ ከወጣ በኋላ ስልክ ሲመለስ ሉብና አንድ ጊዜ ብቻ ደውላ ነበር። የአባቷን መሞት ሰምታ አለቀሰች፤ ከዚያ ምን ምን ወሰዱብሽ አለቻት። ኡሙሀኒ ምንም፣ ቢላዬን ብቻ ብላ መለሰች። ሉብና አብሽሪ እማዬ፣ እኔ አለሁ አለች። መስመሩ ተቋረጠ። ከዚያ ወዲህ ያ ቁጥር ዝግ ነው።

ልጇን በዓይኗ አይታት እንደሆነ ኢንሳፍን ጠየቀቻት። ኢንሳፍ አላየቻትም። ዕቃውን ያመጣችላት የሉብና ጓደኛ ናት፤ ኢንሳፍ ወደ አገር ቤት እስክትላክ የቆየችበት መጠለያ በር ድረስ መጥታ ሰጠቻት። ሉብና ቤት ቀይራለች፣ አዲሷ እመቤት ስልክ አታስይዝም፣ ደኅና ናት፤ ጓደኛዋ ያለችው ይህን ብቻ ነው። መልእክትም የለውም። «ለእናቷ ስጭልኝ ነው ያለችው» አለች ኢንሳፍ፣ «ሌላ አላለችም፣ ወላሂ። ብዙ ሱቅ ዞራ ነው ያገኘችው ብላኛለች።»

ፎጣው ውስጥ ካርቶን፣ ካርቶኑ ውስጥ በፕላስተር የታሸገ አፎት ነበር። ኡሙሀኒ ፕላስተሩን ላጥ አድርጋ ቢላውን ከአፎቱ ሳበችው። ጠባብ ነው። ጀርባው ላይ ማንም የማያነበው ጽሕፈት አለበት። እጀታው ሻካራ እንጨት ነው፤ እርጥብ እጅን የሚያውቅ ሰው የሠራው። ጫፉን ጣውላው ላይ አስደግፋ ጫን አለችው፤ ጎንበስ አለ። ለቀቀችው፤ ቀና አለ። እንዲህ ያለ ቢላ በዕድሜዋ ይዛ አታውቅም። የወር ደመወዟን ነው የከፈለችበት ብላ አሰበች። ለቀኝ እጅ ነዋ የገዛሽልኝ ልጄ፣ አለች በሆዷ፤ ምን ታውቂያለሽ፣ መች ነገርኩሽ።

እዚህ ላይ ቢላውን ገልብጣ አንዴ ብታየው ምን ነበረበት? ጣቷን በፊቱ ላይ ብታሳልፍ፣ ወይም ሰው ምን ይለኛል ሳትል በግራዋ ብትጨብጠው? አላደረገችም። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ዓለም ሁሉ ለቀኝ ሰው መሠራቱን የለመደች ሴት፣ አንድ ነገር እሷን አስቦ ይመጣል ብላ አትገምትም። አፎቱን መልሳ ዘጋችና ለኑርዬ ዘረጋችለት።

«ጋሽ ኑርዬ፣ ስለቱን ይገልብጡልኝ። ከተሳለበት ፊት ያንሱና ወደዚያኛው ያድርጉት።»

ለምን ብሎ ቢጠይቃት የምትመልሰውን ውሸት አዘጋጅታ ነበር። ኑርዬ ግን አልጠየቀም። ቢላውን አውጥቶ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በስለቱ ትይዩ አየው፣ በጥፍሩ ዳሰሰው፣ አገላብጦ አየው። «እውነትሽን ነው» አለ፣ «መገልበጥ አለበት።» ከዚያ ስለ ብረቱ ማውራት ጀመረ። ጠንካራ ነው፣ ድንጋዩን ይበላል፣ ሁለት ቀን ይፈጃል፤ ቅዳሜ ጧት ሐይቁ ዳር ራሱ ያመጣላታል። ኡሙሀኒ አለመጠየቁ ገረማት። ግን ከጥያቄ ያመለጠ ሰው ለምን አመለጥኩ ብሎ አይመራመርም፤ ምስጋናዋን አዥጎድጉዳ ሄደች።

ሁለቱን ቀን ቤት ዋለች። ሥራ የሌለው ቤት እንዴት ሰፊ እንደሆነ የምታውቀው አሁን ነው። አንድ ክፍል ናት፤ ግን ከአልጋው እስከ በሩ መሄድ ይደክማታል። አሕመዲን መረቡን የሚሰቅልበት ችንካር ባዶውን ግድግዳው ላይ አለ። ፎጣውን አጥባ ልትሰቅለው ነበር፤ ወደ አፍንጫዋ ስታስጠጋው የማታውቀው ሳሙና ሸተታት። ልጄ አሁን እንዲህ ነው የምትሸተው ብላ አሰበች። ሳታጥበው አጣጥፋ ትራሷ ሥር አደረገችው። ከሰዓት በኋላ ስልኳን ይዛ፣ ጎረቤት ቤት በፀሐይ በሚሞላ ባትሪ አስሞልታ፣ ያንን ቁጥር ደወለች። ዝግ ነው። ዝግ መሆኑን እያወቀች በማግሥቱም ደወለች። አብዱልከሪም በቅሎዋ እሑድ ጧት እንደምትደርስ አስታወሳት።

ቅዳሜ ዳርቻው ላይ ሰው ተሰብስቧል። ታንኳዎቹ የያዙትን ቆሮሶ ዓሣ በፕላስቲክ ሳጥን አውርደዋል። ከደሴ የመጡት ሁለት ገዢዎችና ስህን የምትባል ወፍራም የሆቴል ወጥ ቤት ናቸው። ገዢዎቹ ያወራሉ፤ የምትወስነው ስህን እንደሆነች ግን አቀማመጧ ይናገራል። ዑበይዱላህ ለእያንዳንዱ አውጪ ሦስት ሦስት ዓሣ እንደሚሰጥ ተናገረና አንድ ነገር ጨመረ፤ ሁሉም ፊቱን ወደ እንግዶቹ አድርጎ ይቀመጣል። ይህን ሲል ኡሙሀኒን አየ። በክፋት አልነበረም፤ ጀርባዋን ስለለመደው ነው። ጆንያዋ የተወጠረበት ማዕዘን ወደዚያ ቀርቶ፣ እሷ መካከል ላይ፣ ፈዲላ ከምትባል ወጣት አውጪ ጎን ደረሳት።

ኑርዬ የደረሰው ዓሣው ሲታደል ነው። ቢላውን በጨርቅ ጠቅልሎ እያነከሰ መጣና ሰው ሁሉ በሚሰማበት ድምፅ መረቃት።

«የዚች ሴት ዓይን ማሻአላህ ነው» አለ። «ይህን ቢላ የሸጠው ሰው ልጅሽን አታሏታል። ፋብሪካው ተሳስቶ ነው የሠራው። በግራ ወገን ነበር የተሳለው፤ ለግራኝ እንጂ ለማንም አይሆንም። እኔ እንኳ እጄ ላይ አስቀምጬ ነው ያየሁት፤ አንቺ ገና ስትስቢው አወቅሽ። አሁን እንደ ሰው ቢላ አድርጌልሻለሁ።»

ኡሙሀኒ ቢላውን ተቀበለች። ምን እንዳላት ገና አልገባትም። ፈዲላ ሳቀች፤ ለግራኝ ደግሞ ማን ቢላ ይሠራል አለች። ዑበይዱላህ የዓሣውን ሳጥን እየገፋ ቀና ሳይል መለሰላት። ጅዳ ዓሣ ገበያ ስድስት ዓመት ሠርቷል፤ እዚያ ለግራኝ የሚሠራ ቢላ አለ። መደርደሪያ ላይ ግን አይገኝም፤ ታዞ ነው የሚመጣው፣ ዋጋውም እጥፍ ነው። በስሕተት የሚገዛው ሰው የለም አለ፤ የሚፈልገው ካልሆነ ማንም አያገኘውም።

ያኔ ገባት። ዳርቻው ላይ ያለው ሰው ድምፅ ሁሉ ከጆሮዋ ራቀ። የዋርካው ጥላ በቀኝ በኩል ታያት፤ ባዶ ነው። ሉብና በግራ ነች፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ ሻሿን በሁለት ትከሻዋ ላይ እንደ መጋረጃ ዘርግታ፣ ፀሐይ ግንባሯን እያቃጠላት፣ ደብተሯን የምታነብ መስላ። ሰው በዚያ በኩል ሲያልፍ ቀጥ ብላ ትቀመጥ ነበር። ቢላውን ስታቀብላት እጀታውን ወደየትኛው እጅ እንደምትዘረጋ ኡሙሀኒ አሁን አስታወሰች፤ ሁልጊዜ በትክክል ታቀብላት ነበር፣ አንድ ቀን እንኳ አልተሳሳተችም። ፀሐይ የምትወድ ልጅ አልነበረችም። ታውቅ ነበር። ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቅ ነበር፤ እናቷ እንዳታፍር አንድም ቀን አልተናገረችም። በሰው አገር ሱቅ ለሱቅ ዞራ ለእናቷ እጅ የተሠራውን አሳዝዛ ላከች። እናቷ ደግሞ በሁለት ቀን አስፈትጋ አጠፋችው።

አለቀሰች። ኑርዬ ምርቃቱ እንደነካት ቆጥሮ ደስ አለው። ሌሎቹ ለአሕመዲን ነው ያለቀሰችው ብለው አላህ ይርሐመው አሉ። ለማን ትንገር? ነገሩ የሚገባቸው ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። አንዱ አፈር ውስጥ ነው፤ ሌላዋ ስልክ በማይያዝበት ቤት።

ዑበይዱላህ ጀምሩ አለ። ኡሙሀኒ ዓይኗን በክንዷ ጠረገችና ቢላውን በግራ እጇ ያዘችው። ደፍራ አልነበረም፤ ሌላ እጅ ስለሌላት ነው። ከጎኗ ያለችው ፈዲላ አየችና ክርኗን ሰበሰበች። አንድ ሰው በግራዋ አለ፤ ቃሉ ከሰው ወደ ሰው ሄደ። ኡሙሀኒ ሰማች፤ ግን ሌላው ነገር ስለበለጠባት አላመማትም። የመጀመሪያው ዓሣ ተበላሸ። ቢላው ከጉንጩ ሥር ገብቶ አጥንቱን በመከተል ፈንታ ነከሰው፤ ልታስለቅቀው ስትል ሥጋው ተቦጫጨቀ። ስህን አየችውና ወደ ሌላው አለፈች።

ሁለተኛውን ዓሣ ፊቷ አድርጋ ቆየች። በቅሎዋ ታየቻት፤ ጓዳው ታያት። ቢላውን በእጇ ላይ አንከባለለችው። አሁን የተገለበጠው ስለቱ ነው፤ እንግዲያው አካሄዱም ይገልበጥ አለች በሆዷ። የዓሣውን ራስና ጅራት አዙራ፣ ስለቱን ወደ ራሷ በመሳብ ፈንታ ወደ ውጭ አድርጋ ትገፋው ጀመር። እንዲህ ሠርታ አታውቅም። ግን ልሙጡ ፊት አጥንቱ ላይ ሲገጥም በጣቶቿ ተሰማት፤ ከዚያ ወዲያ ቢላው ራሱ መንገዱን ያውቃል። ቀስ ብላ ገፋችው። ሥጋው እንደ አንሶላ ተነሣ። ሌሎቹ ሦስቱንም ጨርሰው እጃቸውን ሲታጠቡ እሷ ሦስተኛው ላይ ነበረች።

ስህን መጥታ ሥጋውን አላየችም። ያነሳችው አጥንቱን ነው። ወደ ፀሐይ አድርጋ አየችው፤ በእሾሁ መካከል ብርሃን ያልፋል። የመጀመሪያውን የተበላሸ ዓሣ ምን ነካው ብላ ጠየቀቻት። ኡሙሀኒ ቢላው አዲስ ነው አለች። ፈዲላ ቀበል አድርጋ በግራ እጅ የተሠራ ነው፣ ኋላ አልሰማሁም እንዳትይ አለቻት።

ስህን አጥንቱን ሳጥኑ ውስጥ ጣለችው። «እኔ የምከፍለው አጥንቱ ላይ ላልቀረው ሥጋ ነው» አለች። «እዚህ ላይ ለድመት እንኳ አልተረፈም። አራተኛዋ ይችው ትሁን።»

ሰው ሲበተን ኡሙሀኒ ስልኳን አወጣች። መጀመሪያ ለአብዱልከሪም ደውላ በቅሎዋን አትላክ አለችው። ተቀየማት፤ ኋላ ግን መረቃት። ከዚያ ያንን ቁጥር ደወለች። ዝግ ነው። ስልኩን ከጆሮዋ ሳታነሣ፣ ማንም በማይሰማበት፣ ሉብና፣ ለካ ታውቂ ነበር አለች።

ኑርዬ ዋርካው ሥር ተቀምጦ እግሩን ያሻል። ሄዳ ፊቱ ቆመች፤ ዑበይዱላህም ፈዲላም አልራቁም፤ ድምፅዋን አልቀነሰችም።

«በግራ እጄ ነው የምሠራው ጋሽ ኑርዬ። ልጄ ታውቅ ነበር፤ አስባ ነው ያሠራችው። እንደላከችው አድርገው ይመልሱልኝ።»

ኑርዬ ቢላውን አየ፣ እጇን አየ። ሁለት ቀን ሙሉ የፈተገው ምን እንደሆነ የገባው ቀስ እያለ ነው። ብረቱ እየተበላ የቢላው ወርድ የጣት ያህል ሆኖ እንደሚቀጥን፣ ዕድሜውም እንደሚያጥር ነገራት። ኡሙሀኒ ይቅጠን አለች። ሒሳብ አልጠየቃትም፤ እሷም አልተግደረደረችም።

በሳምንቱ መጨረሻ ቢላው ተመለሰ። ቀጭን ነው፣ ግማሹ ጽሕፈት ጠፍቷል፤ ግን በግራዋ ስትይዘው ከእጇ የወጣ ይመስላል። የድሮ ቦታዋ ሄደች። እንደ ድሮው ፊቷን ወደ ውሃው አላደረገችም። የወጠረችውን ጆንያ ከሁለቱ እንጨቶች ፈታችና አራግፋ፣ ያኔ ሉብና ትቀመጥ በነበረበት ቦታ መሬት ላይ አነጠፈችው፤ አንዲት ልጅ እግሯን አጣጥፋ የምትቀመጥበት ያህል። የመጀመሪያውን ዓሣ አነሣች። ቢላው አጥንቱን ይዞ ድምፅ ሳያሰማ ሄደ። ሰው ያልፋል፣ አንዳንዱ እጇን አይቶ ይቆማል፣ አንዳንዱ ሳይገዛ ይሄዳል። እሷ አልፎ አልፎ ከሥራዋ ቀና ብላ ወደ ጆንያው ታያለች። ፀሐዩ ሙሉውን ያዘው። ማንም አልተቀመጠበትም።